የተሸነፈው ወታደር ድልድይ

ማርች 28 ቀን 1834። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የኦስትሪያ የጦር መርከቦች ኒውዮርክ ወደብ ላይ መልሕቃቸውን ጣሉ። ከውስጣቸው የወረዱት ግን የኦስትሪያ ወታደሮች አልነበሩም። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ፖላንዳውያን ናቸው። ጦርነት ተሸንፈው፣ እስር ቤት ከርመው፣ አራት ወር ገደማ ባሕር ላይ ተንገላተው የመጡ ሰዎች።

ከመካከላቸው አንዱ ሃያ አንድ ዓመት ከሞላው ገና ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ፖላንድኛ፣ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይችላል። እንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል አያውቅም። በሙያው የጦር መሐንዲስ ነው። ሀገር የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ የሚቀበለው ዘመድም የለውም።

ስሙ ካዚሚየሽ ግዞፍስኪ ይባላል።

ዛሬ ከአሜሪካዋ ቡፋሎ ወደ ካናዳዋ ፎርት ኢሪ የሚሻገር የጭነት ባቡር የሚያልፈው ይህ ሰው በሠራው ድልድይ ላይ ነው። የናያጋራን ፏፏቴ በካናዳ በኩል ቆሞ ያለ ክፍያ የሚያይ ቱሪስትም ሳያውቀው የዚህ ሰው ባለዕዳ ነው።

መንገዱ ግን ከመርከቡ ቀጥታ ወደ ድልድዩ አልወሰደውም።

*

ግዞፍስኪ የተወለደው በ1813 ነው። የተወለደው ግን ዋርሶ ሳይሆን በሩሲያ ዋና ከተማ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የምትባል ነጻ ሀገር ካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ተቀራምተው ጨርሰዋታል። የግዞፍስኪ አባት የፖላንድ መኳንንት ወገን ቢሆንም ደመወዙን የሚቀበለው ከሩሲያው ዛር ነበር። የክብር ዘበኛ ጦር መኮንን ነው።

ልጁም በዚያው መንገድ ሄደ። ገና በልጅነቱ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ወደምትገኘው ክሬሜኔትስ ተላከና በታወቀው የፖላንዳውያን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1830 ትምህርቱን ጨርሶ የዛሩን የመሐንዲሶች ጦር ተቀላቀለ። ዩኒፎርም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ አባቱ የታወቀ ሰው ነው። አፉን ዘግቶ ቢኖር ኑሮው የተመቻቸ ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 29 ማታ ዋርሶ ውስጥ ወጣት መኮንኖች በዛሩ ላይ አመፁ። ግዞፍስኪ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ መሐላውን ጠብቆ በወገኖቹ ላይ መተኮስ፣ ወይ መሐላውን አፍርሶ ከወገኖቹ ጋር መሰለፍ።

አፈረሰ።

በተለያዩ ውጊያዎች ተሰለፈ፣ ቆሰለም። በ1831 ጸደይ እሱ ያለበት የጄኔራል ድቨርኒትስኪ ጦር በሩሲያኖች ተገፍቶ የኦስትሪያን ድንበር ተሻገረና ትጥቁን ፈታ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዋርሶ ወደቀች። አመፁ ዓመት እንኳ ሳይሞላው አከተመ።

ከዚያ በኋላ ዛሩ ያደረገውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የዋርሶን ዩኒቨርሲቲ ዘጋ። ግዞፍስኪ የተማረበትን የክሬሜኔትስን ትምህርት ቤትም ዘጋ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተጭኖ ወደ ኪየቭ ተወሰደ። መሸነፍ አንድ ነገር ነው። የተማርክበት ቤት ተቆልፎ መጽሐፎቹ በጋሪ ሲወሰዱ መስማት ግን ሌላ ነው።

ኦስትሪያ እጃቸውን የሰጡትን ፖላንዳውያን ከሁለት ዓመት በላይ አስራ አቆየቻቸው። ነጻ ብትለቃቸው ዛሩ ይቆጣታል፤ አሳልፋ ብትሰጣቸው ዕጣቸው ሳይቤሪያ ወይም ከዚያ የባሰ ነው። በመጨረሻ መገላገያው ተገኘ። በ1833 ኖቬምበር ትሪየስት ወደብ ላይ መርከብ አሳፍራ ወደ አሜሪካ ሸኘቻቸው።

*

የአሜሪካ ምክር ቤት ለእነዚህ ስደተኞች አዝኖ በዚያው በ1834 በኢሊኖይ በኩል መሬት እንዲሰጣቸው ሕግ አወጣ። በወረቀት ሲያዩት ትልቅ ቸርነት ነው። መሬቱ ላይ ግን ቀድመው የሰፈሩ ሰዎች ነበሩበት፣ ስደተኞቹም እዚያ ድረስ ሄደው የሚሟገቱበት አቅም አልነበራቸውም። ስጦታው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ግዞፍስኪ መሬት አልጠበቀም። ያለውን ቆጠረ። ምህንድስናው ለጊዜው አይሸጥም፤ ቋንቋ ለማይችል መሐንዲስ ማን ሥራ ይሰጣል? ሌላ ምን አለው? ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ። ሙዚቃ። የጎራዴ ስፖርት። መኳንንት ልጆቻቸውን ለጌጥ የሚያስተምሯቸው ነገሮች ናቸው። እሱ ግን እንጀራ አደረጋቸው። የሀብታም ልጆችን እያስተማረ ኖረ።

ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ሐበሻ እዚህ ላይ ሲደርስ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዲግሪው ሳይሆን በመንጃ ፈቃዱ የሚበላ መሐንዲስ፣ የሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ነርስ በየሰፈሩ አሉ። ታሪኩ አዲስ አይደለም። የሰው ሀገር መጀመሪያ የሚጠይቅህ የምታውቀውን አይደለም፤ አሁን የሚያስፈልገውን ነው።

ግዞፍስኪ ቀጥሎ ያደረገው ግን ብዙ ሰው አያደርገውም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፒትስፊልድ በምትባል ከተማ አንድ የሕግ ቢሮ ገብቶ ሕግ መማር ጀመረ። መሐንዲስ ሕግ ምን ያደርግለታል? እንግሊዝኛን እስከ ጥጉ ለማወቅ ከሕግ የተሻለ መምህር የለም። ቀን ቀን እያስተማረ፣ በተረፈው ጊዜ የሕግ መጽሐፍ እያገላበጠ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄደ፣ የጥብቅና ፈቃድ አወጣ፣ የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። በ1839 የአንድ ሐኪም ልጅ የሆነችውን ማሪያ ቢቢን አገባ።

ቋንቋው ሲቃና የድሮ ሙያው ጠራው። ጥብቅናውን ትቶ በቦይና በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ መሐንዲስ ሆነ። ዋርሶ ካመፀችበት ማታ ወደ አሥር ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ወደ መነሻው ለመመለስ ብቻ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀበት።

*

በ1841 የዌላንድ ቦይን የማስፋት ሥራ እንዳለ ሰምቶ ለአሜሪካውያን ተቋራጮች ሥራ ሊያፈላልግ ወደ ካናዳ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ዕድል ገባ። በ1842 መጀመሪያ ሰር ቻርልስ ባጎት የሚባሉ አዲስ ገዢ ከለንደን መጡ። ባጎት ቀደም ብለው ሴንት ፒተርስበርግ የእንግሊዝ አምባሳደር ነበሩ፤ የግዞፍስኪን አባት እዚያ ያውቁት ነበር ይባላል። ወጣቱ መሐንዲስ በመንግሥት የሥራ ቦርድ ውስጥ የለንደን አውራጃ መንገዶችና ወደቦች ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። (ይህች ለንደን የካናዳዋ ናት፤ ኦንታሪዮ ውስጥ።)

የስኬት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቦታ በፍጥነት ያልፉታል። «ጠንክሮ ሠርቶ ለዚህ በቃ» ብሎ መጨረስ ይቀላል። ጠንክሮ መሥራቱ እውነት ነው። ግን ከዚያ መርከብ የወረዱት ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ። ሌሎቹ ሰነፎች ነበሩ? ከመካከላቸው የአባቱን ስም የሚያውቅ ገዢ ያገኘ ስንት ሰው ነው? ችሎታ በር አይሰብርም። በሩ ሲከፈት ግን ዝግጁ ሆኖ የሚገባው ባለ ችሎታው ነው። ሁለቱንም እውነት አብሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የስደተኛ ታሪክ ሌላውን ስደተኛ መውቀሻ ይሆናል።

ቢሮ ቁጭ ብሎ ግን ደመወዝ አልበላም። ጫካ አቋርጦ መንገድ አወጣ፣ ድልድይ ዘረጋ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ ወደቦችን አደሰ። በ1846 የእንግሊዝ ዜግነት ወሰደ። ከመንግሥት ሥራ ከወጣ በኋላ ሞንትሪያልን ከአትላንቲክ ወደብ ጋር የሚያገናኘውን የባቡር መስመር በዋና መሐንዲስነት ያዘ። ቀጥሎም በ1853 ከሦስት ሸሪኮች ጋር ግዞፍስኪ እና ኩባንያው የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ከቶሮንቶ ወደ ሳርኒያ የሚወስደውን የግራንድ ትራንክ ባቡር መስመር ኮንትራት ወሰደ። መስመሩ በ1859 ሳርኒያ ደረሰ።

ሀብታም የሆነውም ያኔ ነው። ይህ ደግሞ ያለ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። ሸሪኮቹ ፖለቲካው ውስጥም የባቡር ኩባንያው ውስጥም እጃቸው ረጅም ነበር። ኮንትራት ሰጪና ኮንትራት ተቀባይ አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጡበት ዘመን ነው። «የሕዝብ ገንዘብ ለጥቂቶች ኪስ» የሚለው ወቀሳ በዘመኑም ተሰምቷል። ሥራውን በጥራት ስለመሥራቱ የሚከራከር ጥቂት ነው፤ ሥራውን ስላገኘበት መንገድ የሚከራከር ግን ነበረ። ነጻነት ፍለጋ መሐላውን ያፈረሰው ወጣት፣ አርባ ዓመቱ ላይ ከሥልጣን ጋር መብላት ተምሮ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፤ አንድ ወጥ አይደለም።

*

ስሙን ያተረፈለት ሥራ የመጣው ሃምሳዎቹን ከደፈነ በኋላ ነው።

የናያጋራ ወንዝ ከኢሪ ሐይቅ ወጥቶ ወደ ፏፏቴው ይወርዳል። በአንዱ ዳር ቡፋሎ፣ በሌላው ዳር ፎርት ኢሪ አለች። ባቡር ሁለቱም ዳር ድረስ ይመጣል። መካከል ላይ ግን ወንዙ አለ፤ ፉርጎዎቹን በጀልባ እየጫኑ ማሻገር ግድ ነበር። ድልድይ ያስፈልጋል።

ችግሩ ወንዙ ነው። ሐይቁ ጠቦ ወንዝ የሚሆንበት ቦታ ስለሆነ ውሃው ይከንፋል። ከደቡብ ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ የሐይቁን ውሃ ጠርጎ ወደ ቡፋሎ ጫፍ ይገፋዋል፤ የወንዙ ከፍታም በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። ክረምት ሲወጣ ደግሞ የሐይቁ በረዶ ተሰነጣጥቆ እንደ ቤት የሚያካክል ግግር እየሆነ ይወርዳል። በዚህ ወንዝ መካከል የድንጋይ ምሰሶ ማቆም ማለት በጎርፍ ውስጥ ግንብ እንደ መካብ ነው።

ሥራው በ1870 ተጀመረ። ግዙፍ የእንጨት ሳጥን እየተሠራ ወደ ወንዙ ወለል ይሰምጣል፣ ውሃው ከውስጡ ይወጣል፣ ግንበኞች በዚያ ውስጥ ሆነው ድንጋይ ይክባሉ። ወንዙ በዝምታ አላያቸውም። የዘረጉትን ነጠቀ፣ ያሰሩትን ፈታ፤ ሥራው እየቆመ እንደገና ተጀመረ። ግዞፍስኪና ሸሪኩ ማክፈርሰን አልለቀቁትም። ኖቬምበር 1873 ላይ ባቡር አለፈበት። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወጪውም ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር። ላይኛው የብረት አካል በኋላ ተቀይሯል። ውሃ ውስጥ የቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች ግን አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በረዶ ተሸክመዋል።

ሥራው ሲያልቅ ግዞፍስኪ መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ራሱ አይደለም፤ ድልድዩ እንዴት እንደተሠራ ነው። ወንዙ ያስተማረውን ለሚቀጥለው መሐንዲስ አስረከበ። በ1887 የካናዳ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፣ ከ1889 ጀምሮም ፕሬዚዳንቱ። ለምርጥ የቴክኒክ ጽሑፍ የሚሰጥ በስሙ የሚጠራ ሜዳሊያም አቋቋመ። አንድ ጊዜ ሙያውን ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው፣ በመጨረሻ ሙያው ራሱ ቤት እንዲኖረው አደረገ።

*

ከሁሉም ግን የሚደንቀው የመጨረሻው ሥራው ነው።

ናያጋራ ፏፏቴ ያኔ የዘራፊ ገበያ ነበር። መሬቱን የያዙ ግለሰቦች ዙሪያውን አጥረው፣ ፈጣሪ ያፈሰሰውን ውሃ ለማየት ሰው ያስከፍላሉ። ባለ ጋሪው፣ አስጎብኚው፣ ባለ ሱቁ ተባብሮ መንገደኛውን ይገፈዋል። በ1885 የኦንታሪዮ መንግሥት ነገሩን የሚያስተካክል ኮሚሽን አቋቋመና ሰብሳቢነቱን ለግዞፍስኪ ሰጠው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው።

መንግሥት ገንዘብ ማውጣት አልፈለገም። «ራሱን በራሱ ይቻል» አለ። ቀላሉ መንገድ በሩ ላይ ትኬት መቁረጥ ነበር። ኮሚሽኑ ግን ወደ ፏፏቴው መግባት ለሁሉም ነጻ እንዲሆን፣ ወጪው ከኪራይና ከተለዩ አገልግሎቶች እንዲሸፈን ወሰነ። ሜይ 24 ቀን 1888 የንግሥት ቪክቶሪያ ፓርክ ተከፈተ። አጥሩ ፈረሰ። ገበሬውም ሚኒስትሩም እኩል ቆመው የሚያዩት ቦታ ሆነ። ዛሬም እንዲሁ ነው።

ሀገሩን ሦስት መንግሥታት አጥር አጥረው የተከፋፈሉበት ሰው፣ በሌላ ሀገር አጥር አፈረሰ። ይህን አስቦ ነው ያደረገው ማለት ይከብዳል። ግን ሆነ።

*

ወታደርነቱም አልጠፋም። የካናዳን የተኩስ ማኅበር መራ፣ በሚሊሺያው ኮሎኔል ሆነ፣ በ1879 የንግሥት ቪክቶሪያ የክብር እልፍኝ አስከልካይ ተባለ። በ1890 ሰር የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ። በንጉሠ ነገሥት ላይ ጠመንጃ ያነሣው ልጅ የሌላ ዘውድ ባለሟል ሆኖ አረጀ። ይህን ክህደት የሚለው ይኖራል። ግን አንዱ ዘውድ ትምህርት ቤቱን ዘጋበት፣ ሌላው ወንዝ ሰጥቶ «ድልድይ ሥራበት» አለው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ግዞፍስኪ ኦገስት 24 ቀን 1898 ቶሮንቶ ውስጥ በሰማንያ አምስት ዓመቱ አረፈ። ፖላንድ እንደ ሀገር የተመለሰችው በ1918 ነው። ሃያ ዓመት ቀደማት።

በ1963 ካናዳ በምስሉ የፖስታ ቴምብር አሳተመች። ቶሮንቶ ውስጥ ሐይቁ ዳር በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ። የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ ፒተር ደግሞ በካናዳ ሬዲዮ እጅግ የተወደደ ጋዜጠኛ ነበር። ስሙን ካናዳውያን ሲጠሩት ግን የመጀመሪያዋን «ግ» ይውጧታል፤ «ዞውስኪ» ይሉታል። ፊደሏ በወረቀት ላይ አለች፣ በአፍ ግን የለችም። ስደት ከሰው የሚወስደው እንዲህ ነው። ሁሉንም አይወስድም። አንዲት ፊደል ግን ያስቀራል።

ታዲያ በ1831 የተሸነፈው ማን ነበር?

ዛሩ አሸነፈ። ዋርሶን ያዘ፣ ትምህርት ቤት ዘጋ፣ አመፀኞቹን በተነ። ከበተናቸው መካከል ራሱ ያስተማረው፣ ራሱ ዩኒፎርም ያለበሰው የአሥራ ሰባት ዓመት መሐንዲስ ነበር። የዚያ ልጅ ስልሳ ዓመት የሥራ ዘመን፣ መንገዱ፣ ሐዲዱ፣ ድልድዩ ለሌላ ሀገር ሆነ። ልጆቹን አሸንፎ ያባረረ መንግሥት ድሉን ያከብራል፤ ሒሳቡን ግን የሚያየው ሌላ ሀገር ሄዶ ድልድይ ሲሻገር ነው።

ከዚያ መርከብ የወረዱት ሌሎቹስ? የአብዛኞቹን ስም ዛሬ የሚያነሣ የለም። ከመካከላቸው ስንቱ ሌላ ድልድይ በእጁ ይዞ፣ በር የሚከፍትለት አጥቶ እንደሞተ መቁጠር አይቻልም። አንዱ ስለተሳካለት ብቻ የሁለት መቶው ኪሳራ አይካካስም።

ወንዙ ግን ይፈሳል። ባቡሩም ያልፋል።